የአራት ሰው መደርደሪያ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ እንደ አባትም እንደ እናትም ሆነው ላሳደጉኝ ለአጎቴ ለአቶ ሽብሩ፤ ዲላ።

የእግዚአብሔር ሰላም በቤትዎ ይደር። ባለቤትዎ እትዬ ካሳነሽ እንደምን አሉ? የወገብዎ ቁርጥማት ተሻለዎ? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ እህል ይበላልኛል፣ ሳልም የለብኝ። በልቤ ግን ደኅና አይደለሁም። ሳልደባብቅ ልንገርዎ ጋሼ፤ ትምህርቱን ትቼ ወደ ቤት መመለስ እፈልጋለሁ።

ሳይቆጡ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። የሴቶቹ ማደሪያ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው። በአንድ ክፍል አራት ሆነን እንኖራለን። አልጋው ብረት ሆኖ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ እኔ ከላይ ነኝ፤ ከሥሬ ወርቂቱ የምትባል የነቀምት ልጅ ትተኛለች። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከቧንቧው ሙቅ ውሃ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀን እጄን ከሥሩ ዘርግቼ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ፤ እሳቱን የት ሆነው እንደሚያነዱት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

መከራዬ የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ለአራታችን ያለን አንድ ቁም ሣጥን ነው። አሰገደች የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ሦስት ሻንጣ ይዛ ገብታ ግማሹን ሞላችው። የቀረውን ወርቂቱና የደብረ ማርቆሷ እታገኝ ተካፈሉት። እኔ አውቶቡሱ ሻሸመኔ ላይ ተሰብሮብኝ ስለዘገየሁ የታችኛው ወለል ብቻ ቀረኝ። እትዬ ካሳነሽ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው የሰጡኝን ቆጮ እዚያ አስቀመጥኩት። እኛ ቤት ጉድጓድ ውስጥ ወራት የሚቀመጥ ነገር እዚህ ምን ይሆናል ብዬ።

በአራተኛው ቀን አሰገደች ቁም ሣጥኑን ከፍታ አፍንጫዋን ያዘችና «እዚህ ውስጥ ምን ሞተ?» አለች። የሱፍ ካፖርቷ ሽታውን ጠጥቶት ነበር። የማደሪያው ኃላፊ ወይዘሮ ዘርትሁን ተጠርተው መጡ፤ ጥቅሉን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው «የማን ነው?» አሉ። የእኔ ነው አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ ልብሴን በጆንያ አድርጌ አልጋዬ ላይ ከእግሬ ሥር ይዤ እተኛለሁ፤ ማንንም ቀና ብዬ አላይም።

ጋሼ፣ ከአልጋ ሥር የሚገባ፣ ቁልፍ ያለው ትንሽ ሣጥን ይሥሩልኝ። እስከ ገና ካልደረሰልኝ እኔው እመጣለሁ። እትዬ ካሳነሽን ስለ ቆጮው አይንገሯቸው፤ ይከፋቸዋል።

ልጅዎ ዘነቡ

⁂

ዲላ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘነቡ።

ጌታ በደጅም በጓዳም ይጠብቅሽ። እኔና ካሳነሽ አለን። ደብዳቤሽን ማንንም ሳላስነብብ ራሴ አነበብኩት፤ ከቁርስ ጀምሬ እስከ ምሳ ፈጀብኝ፤ ጽሕፈትሽ እንደ ጉንዳን እግር ደቃቅ ሆኗል፤ ለወደፊቱ አጉልተሽ ጻፊ። ለካሳነሽ አትንገሩ ያልሽውን ነገርኳት። «በቅቤ ጠብሼ ብልክላት ኖሮ ይሻሙባት ነበር» አለች እንጂ አልከፋትም።

ሰው በሰው ላይ ይተኛል ያልሽውን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ ጨረስኩ። ጎረቤታችን ባለሱቁ ጉግሳ ስኳር መመዘኑን ትቶ «ከላይ ያለው ሲገላበጥ ከታች ያለው ምን ይላል?» አለኝ። እኔም አላወቅሁ። ከአራት አገር የመጡ አራት ሴት ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው መጽሐፍ ይማራሉ! ይህን ሳስብ የያዝኩትን መላጊያ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። እናትሽ ብትኖር ምን ትል ነበር?

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ቁልፍ ያለው ሣጥን አልሠራልሽም። ሣጥን መንገደኛ የሚይዘው ነገር ነው። ከአልጋ ሥር ስበሽ፣ ተሸክመሽ፣ አውቶቡስ ላይ አስጭነሽ የምትመጪበትን ዕቃ በገዛ እጄ ሠርቼ አልክልሽም። ተሸክመሽው የማትመጪውን ነው የምሠራልሽ። ከግድግዳ ጋር የሚቆም የአራት ሰው መደርደሪያ ይሆናል።

ለምን ለአራት ትዪ ይሆናል። ዱመርሶ ያለውን የአባትሽን ማሳ ታውቂዋለሽ። ዋንዛው ከላይ፣ እንሰቱ ከመካከል፣ ቡናው ከሥር ነው። በመካከላቸው አጥር የለም፤ እያንዳንዱ ቁመቱን አውቆ ይኖራል። የእናንተ ክፍል ቦታ ጠቦት ሳይሆን ማን በየት ቁመት መሆን እንዳለበት ያሰበበት ሰው ጠፍቶ ነው።

እንጨቱ አለ። ከዚያው ማሳ ነፋስ የጣለው ዋንዛ ተሰንጥቆ በጥላ ሲደርቅ ሦስት ዓመቱ ነው። ለሠርግሽ አልጋ ያስቀመጥኩት ነበር። ሠርጉ ይቆይ።

አሁን የምትሠሪልኝ ሥራ አለ። ሦስቱን ልጆች ጠይቂልኝ። ቁመታቸው ስንት ነው? ምን ዕቃ አላቸው? የት ማስቀመጥ ቸገራቸው? ሳትጠይቂ በግምት ብትጽፊ አውቅብሻለሁ። መደርደሪያው እስኪመጣም ንቅንቅ እንዳትዪ።

አጎትሽ ሽብሩ

⁂

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ሽብሩ።

በያላችሁበት ሰላም ይብዛላችሁ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ በጣም ተናደድኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። አንዲት ሣጥን ለምኜ አፍንጫቸውን ለያዙብኝ ሰዎች ሁሉ ዕቃ ሊሠሩላቸው ነው ብዬ አለቀስኩ። ደግሞ ሄደሽ ጠይቂ ተባልኩ! ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጠየቅሁም። በመጨረሻ ሲቆጡ የሚያሳዩት ፊት መጣብኝና እሁድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ልብስ ሲያጥፉ «አጎቴ አናጢ ነው፤ ቁመታችሁን ጠይቂ ብሎኛል» አልኳቸው። ያበድኩ መስሏቸው ተያዩ። ከዚያ ግን ጋሼ፣ የሰማሁትን ልንገርዎ።

እታገኝ ረጅም ናት፤ እጇን ስትዘረጋ የመስኮቱን ጫፍ ትነካለች። በጾም ቀን ቅቤ የነካው ዕቃ የእሷን ሰሃንና ኩባያ እንዳይነካባት በከረጢት አድርጋ ከመስኮቱ ውጭ ታንጠለጥለው ነበር ለካ። አንድ ቀን ዝናብ መታው፣ አንድ ቀን ደግሞ ቁራ በሳው። ለማንም ሳትናገር ቆይታለች።

ወርቂቱ አጭር ናት፤ ከእኔም ታንሳለች። መጻፊያ ጠረጴዛው ለሁለት ሰው እንጂ ለአራት ስለማይበቃ ተሻምታ ከመቀመጥ ብላ ጉልበቷ ላይ ትጽፋለች።

አሰገደችን ስጠይቃት አንዱን ሻንጣዋን ጎትታ ከፈተችው። ባዶ ነው! ባለ ሦስት ሻንጣዋ አሰገደች አንዱ ሻንጣዋ ባዶ ነው ጋሼ። አክስቷ «ሁለት ሻንጣ ብቻ ይዛ የሄደች ምን ትባላለች?» ብላ አስይዛት ነው። ባዶ መሆኑ እንዳይታወቅባት በየቀኑ እየቆለፈች ስትወጣ ነው የከረመችው። የቸገራት ካፖርቷን መስቀያ ብቻ ነው፤ ሲታጠፍ ይጨማደዳል። ሳቋ መጣ፣ እኛም ሳቅን፣ ከዚያ ስለ ቆጮው ይቅርታ ጠየቀችኝ።

የእኔን ያውቁታል። አንድ ወር ሙሉ ጌቶች ናቸው ብዬ ስፈራቸው የነበሩት ልጆች ሁሉም እንደ እኔ የሚደብቁት ነገር ነበራቸው። ለማንኛውም እስከ መደርደሪያው እጠብቃለሁ።

ዘነቡ

⁂

ዲላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘነቡ።

እግዚአብሔር ብርሃኑን ያብራልሽ። እጄ ሙጫ በሙጫ ስለሆነ ይህን የሚጽፍልኝ ጉግሳ ነው፤ የምናገረውን እንጂ የራሱን እንዳይጨምር አስጠንቅቄዋለሁ።

የባዶው ሻንጣ ወሬ ካሳነሽን ገድሏታል፤ ትስቃለች፣ ቆይታ ደግሞ «ምስኪን» ትላለች። የሦስቱንም ነገር ይዤዋለሁ።

አሁን ልኩን ላኪልኝ። ቁጥር በወረቀት እንዳትጽፊ። ሲባጎ ገዝተሽ የግድግዳውን ወርድ፣ ከመስኮቱ እስከ አልጋው ያለውን፣ ከወለሉ እስከ መስኮቱ ደፍ ያለውን፣ የእታገኝን ክንድ ከፍታ፣ የወርቂቱን ወንበር ላይ ተቀምጣ እስከ ክርኗ ያለውን፣ የካፖርቱን ርዝመት ለየብቻ ቁረጪ። የመጀመሪያው አንድ ቋጠሮ፣ ሁለተኛው ሁለት ቋጠሮ፣ እንዲህ እያልሽ እስከ ስድስት ቋጥሪ። አጥብቀሽ ቋጥሪ።

አጎትሽ ሽብሩ

⁂

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ሽብሩ።

በሰላም ያሉ ዘንድ እጸልያለሁ። ስድስቱ ሲባጎ በዚህ ፖስታ ውስጥ ናቸው። የሚስዮኑን ትምህርት ቤት ወንበር ሁሉ በሜትር ለክተው ሲሠሩ አይቼ ያደግሁ ልጅ በሲባጎ ለኪ ስባል ገረመኝ፤ ግን ያሉትን አድርጌአለሁ። ወርቂቱ ክርኗን ስለካት እየኮረኮራት አስቸገረችኝ። ወይዘሮ ዘርትሁን በር ላይ ቆመው «ምን እየተደረገ ነው?» አሉ፤ ነገርኳቸው። «ከዲላ? በሲባጎ?» ብለው ሄዱ። አያምኑም።

ዘነቡ

⁂

አዲስ አበባ፣ ጥር 25 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ሽብሩ።

ገናም ጥምቀትም አለፈ፤ ከእርስዎ አንድ መስመር አልመጣልኝም። ሲባጎው ጠፋ? ታመሙ? ፈተና ደርሷል፤ መጽሐፉን ከፍቼ የማየው ዲላን ነው። የለመንኩዎትን ሣጥን ቢሠሩልኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሣጥን በሦስት ቀን ሲሠሩ አውቃለሁ። ልጆቹ «የት ደረሰ?» ብለው መጠየቅ ትተዋል፤ የተዉት እንዳላፍር ነው፣ እኔ ግን እሱም ያሳፍረኛል። እባክዎ አንድ ቃል ይጻፉልኝ፤ ካልሆነ የካቲት ሳያልቅ መጥቼ በዓይኔ አያችኋለሁ።

ዘነቡ

⁂

ዲላ፣ የካቲት 11 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘነቡ።

ሰላም ላንቺ ይሁን። አትምጪ፤ ዕቃው እየመጣልሽ ነው። የጭነት መኪና ሹፌሩ ኡስማን ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ ከጆንያዎቹ ላይ ይዞልሽ ይመጣል። በቃጫ የታሰሩ ሳንቃዎች ናቸው፤ ተገጣጥሞ ቢጫን የሐዋሳ መንገድ ይሰባብረው ነበር። ምስማር የለበትም፤ አንድም። በእያንዳንዱ ሳንቃ ጫፍ የተጫረ ምልክት አለ። አንድ ጭረት ያለውን ከአንድ ጭረት፣ ሁለት ያለውን ከሁለት ጋር ግጠሚ። ሲገጥም በእንጨት ሽብልቅ አጥብቂ፤ በመዶሻ አትምቺ፣ በጫማሽ ተረከዝ ነካ አድርጊው ይበቃዋል።

የዘገየሁት እንጨቱ እርጥበት ስለያዘ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

አጎትሽ ሽብሩ

⁂

አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ሽብሩ።

ጋሼ! ሰላምታውን በኋላ እጽፈዋለሁ።

ኡስማን ቅዳሜ ጠዋት ከነጭነት መኪናው በሩ ላይ ቆመ። ዘበኛው ቡና ሊያራግፍ የመጣ መስሎት አባረረው። አራታችንም በቤት ጫማ ሮጥን። ሳንቃዎቹን ሁለት ሁለት ሆነን ፎቅ ስናወጣ የሌላ ክፍል ልጆች ሁሉ ከየበራቸው ብቅ ብቅ አሉ። ወለሉ ላይ ዘረጋነው፤ አሥራ አራት ሳንቃ፣ ሁለት በር፣ አንድ ዘንግ። ወርቂቱ ጭረቶቹን በጣቷ እየነካች ትጠራለች፣ እኛ እንገጥማለን። መጀመሪያ ምንም ነገር አይመስልም ነበር። ከዚያ ሦስተኛው ጎን ሲቆም አንድ ነገር ሆነ። እንጨቱ ራሱ ወዴት እንደሚሄድ ያወቀ ይመስል እየገባ ነው። ምስማር የለ፣ መዶሻ የለ።

ወደ ግድግዳው ገፋነው። በአልጋውና በመስኮቱ መካከል ገባ፤ የቀረው ክፍተት የአንዲት ጣት ነው። አንዲት ጣት ጋሼ! ይህን ክፍል አይተውት አያውቁም። እታገኝ አማተበች።

የእሷ የጾም ዕቃ ሣጥን ለብቻው በር ኖሮት ከሁሉ በላይ ነው፤ ከእሷ በቀር ማንም አይደርስበትም። ለወርቂቱ ከመሐል ተስቦ የሚወጣ ሳንቃ አለ፤ ሲወጣ መጻፊያ ሆኖ በትክክል ክርኗ ሥር ይቆማል፤ ተቀምጣበት አልነሣ አለች። የአሰገደች ካፖርት ዘንጉ ላይ ተሰቅሎ ጫፉ ወለል አይነካም። ከሥር ደግሞ የእኔ ክዳን ያለው ማስቀመጫ፤ በጎኑ ወደ መስኮቱ በኩል የተበሱ ቀዳዳዎች። በውስጡ እትዬ ካሳነሽ አዲስ የላኩልኝ ቆጮ። ሽታው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል። እታገኝ «የጾም ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ነው አልኳት፤ ከሁላችንም አብልጣ የበላችው እሷ ናት። አሰገደችም በላች፤ ፊቷን ሳታጨማድድ ለመዋጥ ያደረገችው ትግል የሚረሳ አይደለም።

ወይዘሮ ዘርትሁን መጥተው ዙሪያውን አዩት፣ በሩን ከፈቱ ዘጉ፣ ከፈቱ ዘጉ። «ይህ ሰው የት ተማረ?» አሉኝ። እርስዎ የማን ትምህርት ቤት ገቡ? የሰው እጅ እንዲህ ማድረግ እንደሚችል አላውቅም ነበር፤ እዚያው ከእንጨት ፍቅፋቂው መካከል አድጌ እንኳ አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ግን ልቤን ነክቶታል። ሁለቱ በሮች ቀለማቸው አይገናኝም፤ አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ነጣ ያለ። ቫርኒሹም በአንደኛው ላይ ሁለቴ ተቀብቷል፣ በሌላኛው ላይ ጭራሽ የለም። እርስዎ የሁለት ሳንቃ ቀለም ካልተስማማልዎ ሥራ የሚጥሉ ሰው ነዎት። ደብዳቤዎንም ከኅዳር ወዲህ በራስዎ እጅ አልጻፉልኝም። ጋሼ፣ የሚደብቁኝ ነገር አለ?

ልጅዎ ዘነቡ

⁂

ዲላ፣ መጋቢት 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘነቡ።

ደስታሽ ቤቴን ሞላው። ጉግሳ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበበልን፤ ካሳነሽ የአሰገደችን አዋዋጥ እንደገና አንብብልኝ አለች። አንዲት ጣት ያልሽውን ሰምቼ እኔም ደነገጥኩ። ሁለት ይቀራል ብዬ ነበር።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ዋንዛ እንዲህ ነው፤ ልቡ ቀይ፣ ዳሩ ነጭ። አሁን ትምህርትሽን ተማሪ። መደርደሪያ ካገኘሽ የምትመጪበት ምክንያት የለም።

አጎትሽ ሽብሩ

እኔ ጉግሳ ነኝ። ከላይ ያለው የእሱ ቃል ነው፤ ይህ የእኔ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ «ጨረስክ?» እያለኝ ነው፤ አድራሻ እየጻፍኩ ነው ብዬዋለሁ። ዘነቡ፣ አጎትሽ ዓይኑ ጠፍቷል። በመስከረም ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል ይል ነበር፤ በታኅሣሥ ሰው በድምፅ ካልሆነ አይለይም። መደርደሪያሽን የሠራው በመዳፉ ነው። ከካሳነሽ እንኳ ደብቆ በሩን ዘግቶ ነበር የሚሠራው። ሁለት ጊዜ ተበላሽቶበት ፈትቶ ጀመረው። እንዳትሰሚ አስምሎኛል፤ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች ብሎ ነው የሚፈራው። መሐላውን አፍርሼአለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አሁን እንዲፈርም ጣቱን ይዤ ወረቀቱ ላይ ላሳርፍለት ነው።

⁂

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 17 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ሽብሩ።

አቶ ጉግሳ፣ ይህን ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

ጋሼ፣ ሁሉንም አውቄአለሁ። ደብዳቤውን ይዤ መደርደሪያው ሥር ወለል ላይ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱን መጋጠሚያ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ነካሁት። ዓይኔን ጨፍኜ የራሴን ማስቀመጫ እንኳ አላገኘሁም፤ እርስዎ የማያውቁትን ክፍል አገኙት። ፍርሃት ነው የያዘኝ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀስ ብዬ ነው የተነሣሁት።

ግን ደግሞ ተቆጥቻለሁ። እኔ ለካፖርትና ለቆጮ ሳለቅስ እርስዎ ብርሃንዎ እየሄደ ነበር። እኔን ማን አሳደገኝ? አሁን መጋዙን ማን ይይዝልዎታል? ጆንያዬን ለጉዞ አውጥቼአለሁ። እታገኝ ደብቃብኝ ነበር፤ አስመለስኳት።

ቢሆንም አሰገደች አንድ የዓይን ሐኪም አግኝታ በሚያዝያ መጨረሻ ቀጠሮ አስይዛልናለች። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ይምረጡ፤ ወይ እርስዎ ለሐኪሙ ይምጡ፣ ወይ እኔ ፋሲካን ሳልጠብቅ ጠቅልዬ እመጣለሁ። ሦስተኛ የለም።

ዘነቡ

⁂

ዲላ፣ መጋቢት 26 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘነቡ።

እግዚአብሔር ምክርሽን ያቅና። ጉግሳን አምስት ቀን አኮረፍኩት። ሌላ የሚጽፍልኝ ስለሌለ ታረቅሁት፤ ይህን የሚጽፈው አንገቱን ደፍቶ ነው ይለኛል፣ እኔ አላይም።

መጋዙን ማን ይይዛል አልሽ። ካሳነሽ ትይዘዋለች። የዓይኔን ነገር ያወቀች ቀን አልቅሳ ጨረሰችና መቀነቷን አጥብቃ ገባች። እሷ በከሰል ታሰምራለች፣ እኔ በጣቴ እየተከተልኩ እቆርጣለሁ። ሴት መጋዝ ያዘች ብሎ የሳቀ ሰፈር አሁን በር ላይ ቆሞ ያያታል። ከወርቃ ከተማ ድረስ የትምህርት ቤት ወንበር አዘውናል። እኔ ዓይን ሳለኝ ካሰመርኩት የእሷ መስመር ይቀናል፤ ይህን አንቺ ብቻ እወቂው።

እመጣለሁ። የምመጣው ለሐኪሙ ሳይሆን ጆንያሽን በእጄ ወደ ቦታው ልመልስ ነው።

አጎትሽ ሽብሩ

⁂

ዲላ፣ ሰኔ 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘነቡ።

አምላክ ከዓይን ያውጣሽ፤ ጓደኞችሽንም ይባርክ። በሰላም ከገባሁ ወር ሆነኝ። ኡስማን መንገዱን ሁሉ ያየውን እየነገረኝ ነው ያመጣኝ፤ ከዓይን ይልቅ እሱ ብዙ ያያል።

የሐኪሙን አንቺም ሰምተሻል። ቀኙ ሄዷል፤ ግራው ቀንን ከምሽት እየለየ ይቆያል፤ ከዚያ በላይ አይሆንም። ካሳነሽ ይህን ስነግራት «ሌላውን እኔ አይልሃለሁ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ስለዚህ ይህ ነገር አለቀ።

ያላለቀው የአንቺ ነው። ስትሸኚኝ መኪናው ላይ ተንጠልጥለሽ «ክረምት እመጣለሁ፤ ከመጣሁ ግን አልመለስም» ብለሽ በጆሮዬ ነገርሽኝ። ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁሽም። የምመልሰው ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ክፍላችሁ ውስጥ ያገኘሁት ነገር ገና አፌን ይዞት ነበር። አንድ ወር አሰብኩበት። አሁን ልንገርሽ።

ወይዘሮ ዘርትሁን ወንድ አይገባም ያሉትን በር ለእኔ ከፍተው ሩብ ሰዓት ሰጡኝ። አራታችሁም ከኋላዬ ቆማችሁ ነበር፤ ትንፋሻችሁ ይሰማኝ ነበር። የገባሁት ሥራዬን ልመረምር ነው፤ መጋጠሚያው ላልቶ ይሆን፣ ሳንቃው ጎብጦ ይሆን ብዬ። እጄን ወደ መካከለኛው መደርደሪያ ሰደድኩ። ለልብስ ነበር የሠራሁት። ልብስ አይደለም። ቀዝቃዛ ጀርባ፣ ከዚያ የወረቀት ጠርዝ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። አንድ ሰው መጽሐፉን ረስቶ ያስቀመጠው መስሎኝ ወደ ላይኛው ሄድኩ፤ እዚያም መጽሐፍ። ወደ ታችኛው ወረድኩ። የእታገኝ የጾም ሣጥን እንኳ ግማሹ መጽሐፍ ነው። «ልብሳችሁስ የት ሄደ?» ብዬ ብጠይቅ አሰገደች ስቃ «ሻንጣ ውስጥ፣ ከአልጋ ሥር፤ ባዶው ሻንጣም ሥራ አገኘ» አለችኝ።

መቁጠር ጀምሬ ነበር። ስልሳ ላይ ስደርስ ተውኩት፤ መቁጠሩ ድፍረት መሰለኝ። እኔ በዕድሜዬ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት አንድ መጽሐፍ ነው፤ እሱንም በሰላሳ ዓመት። ወፍራሙን አውጥቼ በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ከባድ ነው። «ይህ ስለ ምንድን ነው?» ብልሽ «ስለ ደም ዝውውር» አልሽኝ። አጠገቡ ያለውስ? የወርቂቱ ነው፤ ስለ ከዋክብት ርቀት። ኮፍያዬን አወለቅሁ። አይታችሁኝ ይሆናል። ሽማግሌው ሞቆት ነው ብላችሁ ይሆናል።

ልጄ፣ እኔ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ። አልጋም፣ በርም፣ የሬሳ ሣጥንም። የሠራሁት ምን እንደሚሸከም ሁልጊዜ አውቅ ነበር። ይህን ግን አላወቅሁም። እናንተ አራት ልጆች ያን ሁሉ ሰው ያሰበውን፣ ሲያስብ የኖረውን ነገር ከዋንዛችን ላይ ደርድራችሁ በመካከሉ ቆማችሁ ትስቃላችሁ።

እስከ ዛሬ «እዚያ ቆዪ» ብዬ የወተወትኩሽ በግትርነቴ ነበር። ዕቃ ሠርቼ ያሰርኩሽ፣ የዓይኔን የደበቅሁሽ፣ እዚያ ምን እንዳለ ሳላውቅ ነው። ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው። አሁን በእጄ ነካሁት። ክረምቱን መጥተሽ ከእኛ ጋር ክረሚ፤ መስከረም ሲጠባ ግን ተመለሺ። ከልጅነትሽ ጀምሮ አዝዤሽ አውቃለሁ፣ ተቆጥቼሽ አውቃለሁ፤ ለምኜሽ አላውቅም። አሁን እለምንሻለሁ።

አጎትሽ ሽብሩ

⁂

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 13 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ሽብሩ።

ጋሼ፣ አይለምኑኝ፤ እሱን አልችለውም። ደብዳቤዎን አሰገደች ቆማ አነበበችልን። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ለሁለተኛው ዓመት ተመዘገብኩ። መዝጋቢው «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» የሚለው ላይ የሙያዎን ዓይነት ጠየቀኝ። «አናጢ» አልኩት። «አሁንም ይሠራሉ?» አለኝ። አዎ አልኩት፤ ይሠራሉ።

ልጅዎ ዘነቡ